ለሰልጣኝ ልጅ ደብዳቤ የሚያደርሰው አፕ፦ እንቅልፍ ያጣ አባት የ8 ሳምንት ሪቪው

ይሄን ሪቪው ለመፃፍ 8 ሳምንት ነው የጠበቅኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ብፅፈው ኖሮ 5 ኮከብ ሰጥቼ የሰሩትን ልጆች እየመረቅኩ ነበር ምጨርሰው፣ በሶስተኛው ሳምንት ቢሆን ደሞ 1 ኮከብ ሰጥቼ ስልኩንም ግድግዳ ላይ ፈጥፍጬው ነበር። አሁን ትንሽ ረጋ ብያለሁ፣ ሚስቴ እንደምትለው "ሰው ሆነሃል"። ልጃችሁ ውትድርና ስልጠና ሊገባ ቦርሳውን እያዘጋጀ ከሆነ ወይ ደሞ ገብቶ ስልኩ አይሰራም ማለት ከጀመረ ለናንተ ነው ምፅፈው። ሌላ ሰውም ማንበብ ይችላል ግን ሰውየው አብዷል እንዴ ብትሉ አልቀየምም።

አፑ ሚሰራው ነገር ቀላል ነው። ስልካችሁ ላይ ደብዳቤ ትፅፋላችሁ፣ ከፈለጋችሁ አንድ ፎቶ ታያይዛላችሁ፣ የሰልጣኙን ስም፣ የማሰልጠኛውን አድራሻ፣ የጋንታውን ቁጥር ትሞላላችሁ፣ እነሱ ያትሙታል፣ ፖስታ ውስጥ ከተው ይልኩታል። ባዶ ወረቀትና የናንተ አድራሻ የተፃፈበት መመለሻ ፖስታም አብረው ይከታሉ፣ ልጁ ፅፎ አሽጎ መስጠት ብቻ ነው ሚጠበቅበት (ይቺ የማን ሀሳብ እንደሆነች ባላውቅም ብሩክ ይሁን)። ከዛ ውጪ ደብዳቤው የት እንደደረሰ ሚያሳይ መከታተያ አለው፣ ስልጠናው ሊያልቅ ስንት ቀን እንደቀረው ሚቆጥር ነገር አለው፣ "ለወላጆች" የሚል ማንበቢያ አለው፣ ፕሪሚየም ከገባችሁ ደሞ ማሰልጠኛው በየሳምንቱ ሚለጥፋቸውን የቡድን ፎቶዎች ሰብስቦ በጋንታ በጋንታ ለይቶ ያመጣላችኋል። ስሙን አልጠራም፣ ቅሬታዬ በዛ ስላለ ሰው ስራ ላይ ክፉ መሆን አልፈልግም፣ ለነገሩ ይሄን ሚሰሩት አፖች ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው፣ የአንዱ ችግር የሌላውም ነው።

ልጄ 19 አመቱ ነው። እንዲገባ ያስገደደው የለም፣ ራሱ ነው የመረጠው፣ እኔም ደስ ብሎኛል ብያለሁ፣ ብያለሁ እንግዲ። በሩ ድረስ ሸኘሁት፣ ጠንካራ አባት መስዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት፣ ከዛ መኪና ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ምን ያህል እንደተቀመጥኩ እንጃ። ማታ ላይ በማላውቀው ቁጥር ደወለ። ብዙ ቦታ እንደዛ ነው አሉ፣ ስልካቸው ሲሰበሰብ አንድ አጭር ጥሪ ይፈቀድላቸዋል፣ እሷም ብዙ ጊዜ ተፅፎ የተሰጣቸውን ማንበብ ነች። "ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ አድራሻዬን በደብዳቤ እልካለሁ፣ ቻው።" 20 ሰከንድ አትሞላም። እኔ ገና "እሺ የኔ ጌታ" ስል ተዘግቷል። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር፣ ከጀርባው ደሞ የሆነ ሰው ይጮሃል። ሚስቴ "ደረሰ አይደል?" አለችና ተኛች። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ነጋልኝ።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር የዝምታውን አይነት ነው። ልጁ ድሮም ብዙ አያወራም፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ሆኖ ድምፁን ሳልሰማ ምውልበት ቀን ነበር። ግን ሁሌም ስልኩ ላይ አረንጓዴዋ ነጥብ ትበራ ነበር፣ ከሌሊቱ 8 ሰአት ላይ ኦንላይን ሆኖ ሳየው "ይሄ ልጅ አይተኛም እንዴ" ብዬ እየተናደድኩ እተኛ ነበር። ለካ በዛች ነጥብ ነበር እንቅልፍ ሚወስደኝ። አሁን ላስት ሲኑ እዛው የገባበት ቀን ላይ ቆሟል፣ እኔ ደሞ ልክ ይቀየር ይመስል ገብቼ ገብቼ አያለሁ። ይሄን እያደረግኩ በሁለተኛው ሌሊት ነው አፑን አውርጄ የተመዘገብኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ግሩም ነበር። በ4 ቀን 5 ደብዳቤ ፃፍኩ። እኔ በህይወቴ ለሰው ደብዳቤ ፅፌ ማላውቅ ሰውዬ ቁጭ ብዬ ስለሱ መወለድ፣ ስለ መጀመሪያ ሳይክሉ፣ አንዴ ያለ ጥፋቱ ስለመታሁት ቀን ሳይቀር ፃፍኩ። ስጨርስ ደረቴ ላይ ያለው ነገር ቀለል ይለኛል። "ለወላጆች" ክፍሉ ላይ ይሄንኑ ሚያብራራ ፅሁፍ አገኘሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔኒቤከር የሚባል የስነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ተማሪዎችን በተከታታይ 4 ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ስለ ከባዱ ገጠመኛቸው አስፃፋቸው፣ እንደፃፉ ወዲያው ስሜታቸው ባሰ፣ በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ ተራ ነገር ከፃፉት ይልቅ ክሊኒክ ሄዱ የተባሉት ቀነሱ። ደስ አለኝ፣ ሳላውቀው ሳይንስ እየሰራሁ ነበራ። ግን ፅሁፉ አንድ ነገር አልነገረኝም፣ ወይ እኔ ዘልዬዋለሁ፦ እነዛ ተማሪዎች የፃፉትን ለማንም አልላኩም። እኔ ግን ያንን ሁሉ የደረቴን እቃ አራግፌ እግሩ ውሃ ለቋጠረ፣ ሌሊት በፉጨት ለሚነሳ፣ አልጋውን አሳምረህ አላነጠፍክም ተብሎ ፑሽ አፕ ለሚሰራ የ19 አመት ልጅ ላኩለት። አፑም "ላክ" የምትለዋን በተን ትልቅና አረንጓዴ አድርጎ አስቀምጧታል። አንድ "አስቀምጠውና ነገ አንብበው" የምትል በተን ቢጨምሩ ምን ነበረበት? ይሄ የመጀመሪያ ቅሬታዬ ነው። አሁን እኔ ራሴ ሁለት እየፃፍኩ ነው፣ አንዱ ለኔ ተራ ደብተር ላይ፣ ሌላው ለሱ።

ሁለተኛው ቅሬታ መከታተያው ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ያሳበደኝ እሱ ነው። "ታትሟል"፣ "ተልኳል"፣ "ማሰልጠኛው ደርሷል" እያለ ኖቲፊኬሽን ይልካል። ሲታይ ጥሩ ነገር ይመስላል። ግን "ማሰልጠኛው ደርሷል" ማለት ልጁ እጅ ገባ ማለት አይደለም። ግቢው ውስጥ ተለይቶ በየሻምበሉ በየጋንታው ይከፋፈላል፣ ሚታደለው አሰልጣኙ ሰአት ሲኖረው ነው፣ መስክ ከወጡ ደሞ እስኪመለሱ ይቀመጣል። ይሄን እኔ መች አውቄ! "ደርሷል" ሲለኝ በዛችው ሰከንድ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ፈገግ እያለ ሲያነብ ነው ሚታየኝ። ከዛ መልስ መጠበቅ እጀምራለሁ። 1 ቀን፣ 2 ቀን፣ 4 ቀን። ለምን አልመለሰም? ታሞ ነው? ያ ስለመታሁት የፃፍኩት ነገር አስቀይሞት ነው? ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ በጠረጴዛ ስር አፑን እከፍታለሁ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩ ስልኬ ቆጥሮ ሲነግረኝ አፍሬ ቆጠራውን አጠፋሁት። በዛ ላይ ከ5ቱ ደብዳቤዎች 3ቱን የጋንታ ቁጥር ሳልሞላ ነበር የላክኳቸው፣ አፑ ባዶውን ቦታ አይቶ ዝም ብሎ አሳለፈኝ፣ እነሱ 3ቱ ግቢው ውስጥ ሲንከራተቱ ከርመው ከሌሎቹ በኋላ ነው የደረሱት። ያለ ጋንታ ቁጥር ደብዳቤ መላክ ያለ ቤት ቁጥር ሰው እንደመፈለግ ነው፣ ሳይሞላ እንዳይልክ ማድረግ ለፕሮግራመር የ10 ደቂቃ ስራ አይመስለኝም።

እና በ17ኛው ቀን የሱ የመጀመሪያ ደብዳቤ መጣች።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የከፈትኳት። "አባ እዚ መሆን አልችልም። ተሳስቻለሁ። ማታ ማታ ሰው እንዳይሰማኝ ትራሱን ነክሼ ነው ማለቅሰው። ለእማዬ እንዳትነግራት።" በቃ ይቺው ነች። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከዛ ለማሰልጠኛው ደወልኩ፣ የሆነ ትሁት ድምፅ "አባት፣ ድንገተኛ ነገር ካለ እኛው እንደውላለን" ብሎኝ ዘጋ። ያን ሌሊት አፑ ላይ ልጅን ከስልጠና እንዴት ማስወጣት ይቻላል ብዬ ፈለግኩ፣ መልስ የለውም፣ እሱን ስፈልግ ግን "ሰልጣኞች ላይ በብዛት ሚደርሱ ጉዳቶች" የሚል ፅሁፍ አመጣልኝ። በእግዜር! ከሌሊቱ 9 ሰአት ላይ ለወላጅ እሱን ታሳያለህ? እ.ኤ.አ. በ1855 ብራይትሃውፕት የሚባል የፕሩሺያ ጦር ሀኪም ብዙ የተጓዙ ወታደሮች እግራቸው አብጦ ሲያማቸው አይቶ ፃፈ፣ ምን እንደሆነ የታወቀው ግን ኤክስሬይ ከተገኘ በኋላ በ1897 ነው፣ ለካ አጥንታቸው በድግግሞሽ ብዛት ተሰንጥቆ ነው፣ ዛሬም ድረስ በአንዴ ብዙ እንዲራመዱና እንዲሮጡ ሚደረጉ ምልምሎችን ይይዛል። ይሄን ሁሉ አወቅኩ። ስላወቅኩ ምን አደርጋለሁ? ከስክስ ጫማው ውስጥ ያለው እግር የኔ አይደለም። ቁም ነገሯ አንድ አረፍተ ነገር ነበረች፣ ህመሙ ሲራመድ ሚብስና አንድ ቦታ ላይ ሚጠዘጥዝ ከሆነ ደብቆ መቻል ሳይሆን ለህክምና መናገር ነው፣ እሷን ለሰልጣኙ ማድረስ ጥሩ ነው። የቀረው ለኔ መርዝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሌላ ደብዳቤ መጣች። "ሰላም ነው? ትናንት ተኩስ ነበር ከጋንታው 3ኛ ወጣሁ። እግሬ ውሃ ቋጥሮ ነበር ድኗል። ካልሲ ላኩልኝ ወፍራሙን። እህቴ የሪሞቱን ነገር ደግማ ትፃፍልኝ በጣም ስቄያለሁ።" ስለ መጀመሪያዋ አንዲት ቃል የለም። ቀኖቹን አየሁ፣ የመጀመሪያዋ የተፃፈችው በገባ በ6ኛው ቀን ነው፣ ሁለተኛዋ በ14ኛው። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ ሳለቅስ እሱ ኢላማ መትቶ ካልሲ እያማረው ነበር። ያኔ ነው ለሚስቴ ሁለቱንም ያሳየኋት፣ አነበበች፣ መነፅሯን አውልቃ "አንተኮ ምታለቅሰው ላለፈው ሳምንት ልጅ ነው" አለችኝ።

ይቺ ነገር የአፑ ትልቁ ጉድለት ምን እንደሆነ ገለጠችልኝ። አፑ ሲታይ ቻት ይመስላል። በስልክ ነው ምፅፈው፣ "ደርሷል" ይለኛል፣ ቀለሙ ሁሉ ቻት ነው። መሄጃው እውነትም በእጅ ከሚላክ ደብዳቤ በቀናት ይፈጥናል፣ መመለሻው ግን ያው ወረቀት ያው ፖስታ ነው፣ ልጁ የፃፈው ነገር እኔ ጋ ሲደርስ ሳምንት ያረጀ ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤዎች ደሞ ብዙ ጊዜ በጣም ያሳዝናሉ፣ ምክንያቱም ሚፃፉት እንቅልፉም ድካሙም ናፍቆቱም ባንዴ በተከመረበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ስልኩም ሚወሰደው ዝም ብሎ ለጭካኔ አይደለም፣ ባለቀሰ ቁጥር ቤቱን መስማት ከቻለ እዛ ያሉትን ልጆች ማየት አይጀምርም። ይሄን ከመግባቱ በፊት የነገረኝ ሰው ቢኖር እኮ ያቺን ደብዳቤ ስከፍት ቀኑን መጀመሪያ አያለሁ። አፑ ላይ ደብዳቤ ሲመጣ ፎቶ አንስታችሁ ምታስቀምጡበት ቦታ አለ፣ እዛ ላይ "የተፃፈበት ቀን" ብሎ በትልቁ እንድሞላ ቢያስገድደኝ ከመከታተያው ሁሉ ይጠቅመኝ ነበር። የላኩበትን ቀን እንጂ የፃፈበትን ቀን አይጠይቅም።

ወደ ፎቶው ልምጣ፣ ፕሪሚየም የገባሁት ለሱ ስለሆነ።

በየሳምንቱ የቡድን ፎቶ ይመጣል። ፀጉራቸው አንድ አይነት ተላጭቷል፣ ልብሳቸው አንድ ነው፣ ፊታቸው በፀሀይ አንድ ሆኗል፣ ሁሉም አይናቸውን ጨፈን አድርገዋል። ዙም ሳደርገው ይፈርሳል፣ ስመልሰው ይጠፋል። በሁለተኛው ሳምንት ግን አገኘሁት! ሶስተኛው ረድፍ፣ ከግራ አምስተኛ። በጆሮው ነው የለየሁት፣ ወጣ ያለች ጆሮ ነው ያለችው ከሚስቴ ወገን የወረሳት። ስክሪንሾት አድርጌ የስልኬ ዋልፔፐር አደረግኩት፣ መስሪያ ቤት አሳየሁ፣ "ከሳ እንጂ ጎርምሷል" አሉኝ። ሚስቴ መነፅሯን አድርጋ አየችውና "ይሄ የኔ ልጅ አይደለም" አለች። ተጣላን! እኔ ሲላጩ መልክ ይቀየራል እላለሁ፣ እሷ ልጄን በላጩት ባልላጩት አውቀዋለሁ ትላለች። 3 ሳምንት ሙሉ ጠዋት ስነሳ እንደምን አደርክ ስለው ከረምኩ። ጭራሽ ፎቶውን በቀይ አክብቤ "ጎበዝ ቀጥ ብለህ ቆመሃል" ብዬ በአፑ አሳትሜ ላኩለት።

መልሱ እንዲህ ነበር፦ "አባ ያከበብከው እኔ አይደለሁም ሃሃሃ። እኔ ከኋላ ያለሁት ነኝ ሰንደቁ ግማሽ ፊቴን ሸፍኖታል። እሱ አልጋ ጎረቤቴ ነው። ፎቶዋን ሳሳየው እኔ ልውሰዳት ወይ አለኝ ሰጠሁት። እሱ ደብዳቤ አይመጣለትም።"

ስለዚ የፎቶ አገልግሎቱን እንዴት ልመዝነው? ጥራቱ ደካማ ነው፣ ሲታተምም ይጠቁራል፣ ሰው አይለይበትም፣ ለአይነ ደካማ አባት ደሞ አደገኛ ነው። ቅዳሜ ማታዬን በሙሉ ወስዶታል፣ ሚስቴ አንዴ "ልጁን ነው የናፈቅከው ወይስ ስልኩን?" ብላኛለች። ግን አላጠፋሁትም፣ ለምን እንዳላጠፋሁት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

"ለወላጆች" የሚለው ክፍል እኩል ለእኩል ነው። ያንን የጉዳት ዝርዝር ካወጣችሁለት ውስጡ ጥሩ ነገሮች አሉ። አንዱ ፓውሊን ቦስ ስለምትባል ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጦርነት ባሎቻቸው የጠፉባቸውን ቤተሰቦች ስታጠና ሰው በአካል ሳይኖር በልብ ውስጥ ግን እንዳለ ሚሆንበትን ሀዘን ስም ሰጠችው፣ ቁርጡ ያልታወቀ እጦት እንደማለት። አፑ ይሄን ለኛ ለሰልጣኝ ወላጆች ለጠፈው፣ እኔ ትንሽ ያስነውራል ብዬ ነው ማስበው፣ የኛ ልጆች የት እንዳሉ ይታወቃል መቼ እንደሚወጡም ይታወቃል፣ እነዛ ሰዎች ግን ለአመታት ሞቷል አልሞተም ሲሉ የኖሩ ናቸው። ቃሉን መዋስ ካስፈለገ በልኩ። ሌላው ፅሁፍ ይሻላል፣ ካትሊን ሎጋን የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1987 የባህር ኃይል ሚስቶች ባሎቻቸው መርከብ ላይ ሲወጡ ሚያልፉበትን ስሜት በ7 ደረጃ ከፍላ ፅፋዋለች፣ ከመሄዱ በፊት ጀምሮ ነው ምትቆጥረው፣ ሊሄድ ሲል በትንሽ ትልቁ መጣላትና መራራቅ ሁሉ እዛ ውስጥ አለ። ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ ምክንያቱም ልጄ ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት በየቀኑ ተጣልተናል፣ በጫማ ማስቀመጫ፣ በመብራት ማጥፋት፣ በማይረባ። እኔ ክፉ አባት ሆኜ የሸኘሁት መስሎኝ ስቃጠል ነበር፣ ለካ ሰው ሊለያይ ሲል እንደዛ ያደርገዋል። እሷ የፃፈችው ስለ ባልና ሚስት ቢሆንም ለአባትና ልጅም ይሰራል።

ከአፑ ነገር ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን ማንም ማያወራላትን ትንሿን ሰአት ቆጣሪ ነው ምመርጠው። ነገሩ የአፑ ፈጠራ አይደለም፣ ቦርኮቬክ የሚባል ተመራማሪ ከነባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 የሞከሩት ዘዴ ነው። በቀን 30 ደቂቃ፣ ሁሌ በአንድ ሰአት፣ ሁሌ በአንድ ቦታ፣ ቁጭ ብለህ ትጨነቃለህ፣ በሌላው ሰአት ጭንቀት ሲመጣ "ሰአትህ አልደረሰም" ብለህ ወደያዝከው ስራ ትመለሳለህ። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ፣ ጭንቀት የቀጠሮ ሰው ነው እንዴ? ግን ሞከርኩት፣ ማታ 12 ሰአት፣ ደረጃው ላይ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት 30 ደቂቃው አልበቃኝም፣ ደወሉ ሲጮህ ገና ከግማሽ አልደረስኩም። በሁለተኛው ሳምንት 20 ደቂቃ ላይ ምጨነቀው አልቆብኝ ዝም ብዬ መንገዱን ሳይ ራሴን አገኘሁት። ቦታው ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ አልጋችሁ ላይ ወይ ምትወዱት ወንበር ላይ አታድርጉት፣ ቦታው ራሱ ይበከላል። እኔ ደረጃውን ስረግጠው እስካሁን ሆዴ ባር ባር ይለዋል፣ ደረጃ ስለሆነ ግድ የለኝም።

ቀን ቆጣሪውን አጥፉት። አገልግሎቱ ሲጀምር ስልጠናው ስንት ሳምንት ነው ብሎ ይጠይቃል (እንደየጦሩ ይለያያል፣ የአሜሪካ ምድር ጦር 10 ሳምንት ነው፣ ማሪን የሚባሉት የባህር እግረኞቻቸው 13) ከዛ ከዛ ቀን ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል። ቆንጆ ነው እስኪሳሳት ድረስ። ልጁ ቢታመም ወይ አንዱን ፈተና ቢወድቅ ብዙ ቦታ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተከታዩ ቡድን ጋር እንዲቀጥል ይደረጋል፣ አፑ ይሄን በምን ያውቃል፣ እሱ ዝም ብሎ ይቆጥራል። አንድ የማውቃት እናት ልጇ 3 ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሳ አፑ ዜሮ ላይ ደርሶ ስክሪኑን በወረቀት ብጥስጣሽ ሞልቶ "እንኳን ደስ አለዎት" አላት። እሷ ነች በነገራችን ላይ ከአፑም ከፅሁፉም በላይ የጠቀመችኝ፣ ልጇ አሁን ጨርሳለች፣ ማታ ስደውልላት "ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው? 9? እህ፣ ዘጠነኛው ቀን ነው ሚብሰው፣ 15 ላይ ደውልልኝ" ትለኛለች። በምን ሳይንስ እንደሆነ እንጃ ግን ልክ ነበረች።

ደብዳቤ ላይ ምን እንደሚፃፍ አፑ አብነት አለው፣ አትጠቀሙበት፣ "በአንተ እኮራለሁ ጀግናዬ" እያለ እንደ ምረቃ ካርድ ነው ሚያወራው። እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው። ቤት ውስጥ ያለ እሱ ከዛ ሆኖ ሊያስተካክለው ማይችለውን ችግር አትፃፉ፣ ሊደብቁት ማይገባ ትልቅ ነገር ካልሆነ በቀር። ጥያቄ አታብዙ፣ መልስ መፃፊያ ሰአቱ በጣም ትንሽ ነው። ፖስታው ላይ ስዕል፣ ልብ፣ የቤት ስሙን ምናምን አትፃፉ፣ ብዙ ቦታ ደብዳቤ በሰው ፊት ስለሚታደል ፑሽ አፑን ሚከፍለው እሱ ነው። አጭርና ተራ ነገር፣ ቶሎ ቶሎ። የኔ ልጅ ከላክንለት ሁሉ የወደዳት የኔን ረጃጅም ንዛዜዎች አይደለም፣ የ12 አመቷ እህቱ የፃፈችውን ነው፣ እኔ የቲቪውን ሪሞት አጥቼ ቤቱን ሁሉ ገልብጬ ተቆጥቼ በመጨረሻ የራሴ ኪስ ውስጥ እንደተገኘ ፅፋለታለች። ግማሽ ገፅ ነች። አልጋ ለአልጋ እየተቀባበሉ አነበቧት አሉ። እኔ ስሜ እዛ ካምፕ ውስጥ "ሪሞት" ሆኗል።

ካስተመር ሰርቪሱ ጋ ሁለቴ ነው ያወራሁት። በመጀመሪያው ስለ ጋንታ ቁጥሩ ነበር፣ በሁለት ቀን መለሱልኝ፣ በትህትና፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ገልፀው። ሁለተኛው ለዛ ለአልጋ ጎረቤቱ ነው። ለ3 ሳምንት እንደምን አደርክ ስለው የከረምኩትን ልጅ ዝም ማለት አልቻልኩማ፣ ለሱም ልፅፍ አፑን ከፈትኩ፣ በአንድ አካውንት አንድ ተቀባይ ብቻ ነው ሚፈቅደው። ሁለተኛ ተቀባይ ማስገባት እፈልጋለሁ ብዬ ፃፍኩላቸው። "ከሰልጣኙ ጋር ያለዎትን ዝምድና ይግለፁ" የሚል ፎርም መጣልኝ። ምርጫዎቹ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ ባል፣ ሚስት፣ እጮኛ ናቸው። ባዶ መተው አይቻልም። የጋንታ ቁጥር ባዶ ሲሆን ዝም ያለው አፕ እዚ ጋ በቀይ ይጮሃል።

ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ በእጄ ፃፍኩለት፣ ስሙን ልጄ ነግሮኝ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም፣ "ፎቶ ላይ በስህተት ልጄ ያልኩህ ሰውዬ ነኝ" ብዬ ጀመርኩ፣ የሪሞቱንም ነገር ከኔ በኩል ያለውን እውነት አስረዳሁት። መድረሱን ሚነግረኝ ኖቲፊኬሽን የለም። ቅዳሜ ማታ ግን አዲሱ ፎቶ ሲመጣ አሁን ሁለት ሰው ነው ምፈልገው፣ ጆሮውን ወዲያው አገኘዋለሁ፣ የኔን ደሞ ከሱ ጎን ወይ ከሰንደቁ ኋላ።

3 ኮከብ። መመለሻ ፖስታውና የጭንቀት ሰአት ቆጣሪው ባይኖሩ 2 ነበር። ያ ፎርም ላይ "ሌላ" የሚል ምርጫ ስትጨምሩ መጥቼ 4 አደርገዋለሁ።